ብሪታንያ ውስጥ ፊልም ፕሮዲውስ ለማድረግ ለምታስቡ፦ ብሩ ከየት ይመጣል፣ ፊልሙስ የማን ሆኖ ይቀራል?

ፕሮዲውሰር መሆን ሚፈልጉ ልጆች ሁሌ ሚጠይቁኝ ካሜራው ምን ይሁን፣ ተዋናይ ማን ይሁን፣ የትኛው ፌስቲቫል እንላከው ነው። ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው ግን ሁሉም በኋላ ሚደርሱ ናቸው። እኔ ስክሪፕት ይዞልኝ ለሚመጣ ሰው መጀመሪያ ምጠይቀው አንድ ነገር ነው፣ ይሄ ፊልም ተሰርቶ ሲያልቅ የማን ነው? አብዛኛው ሰው ዝም ይላል። እዚህ ሀገር ብዙ ጎበዝ ፕሮዲውሰር አምስት ስድስት ፊልም ሰርቶ፣ ሽልማት ወስዶ፣ ሃምሳ አመት ሞልቶት አሁንም የቤት ኪራይ ሚያስጨንቀው በዚች ጥያቄ ምክንያት ነው።

ሼፊልድ ላይ ተቀርጾ በ1997 የወጣውን ዘ ፉል ሞንቲን ውሰዱ። ታሪኩ የእንግሊዝ፣ ተዋንያኑ የእንግሊዝ፣ አነጋገሩ ሳይቀር የሰሜን እንግሊዝ ነው። ወደ 3.5 ሚሊየን ዶላር አካባቢ ወጥቶበት ከ250 ሚሊየን ዶላር በላይ አስገባ። ገንዘቡን ያወጣው ግን የሆሊውዱ ፎክስ ሰርችላይት ስለነበረ ትርፉም ወደዛው ሄደ። ማንም ማንንም አልሰረቀም፣ ያወጣው ሰው ነው የወሰደው። ግን ያ ገንዘብ ግማሹ እንኳን እዚህ ቀርቶ ቢሆን ስንት ሌላ ፊልም ይወልድ ነበር ብዬ ሳስብ እስካሁን ያንገበግበኛል።

እኔ እንደማየው ብሪታንያ ውስጥ ሁለት የፊልም ኢንዱስትሪ ነው ያለው። አንዱ ፓይንዉድ፣ ሼፐርተን፣ ሊቭስደን ውስጥ ያለው ትልልቁ ነው፣ ስራው እዚህ ይሰራል፣ አናጢው፣ መብራት ሰራተኛው፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ቪኤፍኤክሱ (በኮምፒውተር ምስል ሚሰራው) የዚህ ሀገር ሰው ነው፣ ብሩና ባለቤትነቱ ግን ባብዛኛው የአሜሪካ ስቱዲዮዎች ነው። ይሄ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ ብዙ ቤተሰብ ሚኖርበት እንጀራ ነው። ግን በ2023 ሆሊውድ ውስጥ ጸሐፊዎቹ ሜይ ላይ ተዋንያኑ ደሞ ጁላይ ላይ ስራ ሲያቆሙ እዚህ አድማ ያልመቱ የኛ ሰራተኞች ወራት ሙሉ ቤታቸው ተቀመጡ። ሁለተኛው ኢንዱስትሪ ትንሹ ነው፣ የራሳችንን ታሪክ በራሳችን ብር ምንሰራበት። ከዚህ በታች ምጽፈው በሙሉ ስለሁለተኛው ነው።

መጀመሪያ መብቱን ያዙ። ስክሪፕቱ ከመጽሐፍ ወይ ከሰው የህይወት ታሪክ ከሆነ ኦፕሽን ትገዛላችሁ፣ ማለትም ትንሽ ብር ከፍላችሁ ለተወሰነ ጊዜ (ብዙ ጊዜ 18 ወር፣ ከዛ ማራዘሚያ) ሌላ ሰው እንዳይወስደው ታስይዛላችሁ፣ ሙሉ ዋጋውን ምትከፍሉት ቀረጻ ሲጀመር ነው። 18 ወር ረጅም ይመስላል እንጂ ለፊልም ምንም ማለት አይደለም፣ ማራዘሚያውን መጀመሪያውኑ ውሉ ላይ ካላስገባችሁ ልክ ነገሩ ሊሳካ ሲል ባለመብቱ ዋጋ ጨምሩ ይላችኋል። ከዛ በኋላ ደሞ ስክሪፕቱን የነካ ሰው ሁሉ፣ ሁሉ ነው ያልኩት፣ በጽሁፍ መብቱን ለድርጅታችሁ ማስተላለፍ አለበት። የነዚህ ወረቀቶች ሰንሰለት ቼን ኦፍ ታይትል ይባላል፣ አንድ ቀለበት ከጎደለ ባንክም፣ ቢኤፍአይም (ብሪቲሽ ፊልም ኢንስቲትዩት፣ ለፊልም የህዝብ ብር ሚሰጠው ተቋም)፣ ሴልስ ኤጀንትም (ፊልሙን ለየሀገሩ አከፋፋይ ሚሸጠው) ብር አይለቅም።

እኔ ላይ ደርሷል። ቀረጻ ሊጀመር ሁለት ሳምንት ሲቀረው የአበዳሪው ጠበቃ ኢሜል ላከች፣ "ሶስተኛው ድራፍት ሽፋን ላይ ያለው ሁለተኛ ስም የማን ነው?" አለች። የዳይሬክተራችን የድሮ ጓደኛ ነበር፣ ከአራት አመት በፊት አንድ ክረምት አብረው ሲጽፉ ነበር፣ ወረቀት የለም፣ ክፍያ የለም፣ ከዛ ተጣልተው ተለያይተዋል። ልጁን ፈልገን አገኘነው፣ መጥፎ ሰው አልነበረም፣ ግን በዛ ሰአት ምን ያህል እንደምንቸገር ያውቃል፣ እሱም ደሞ በእውነት የለፋበት ነገር ነው። መጀመሪያ ቢሆን በትንሽ ክፍያና በአንድ ገጽ ሚያልቀው ነገር የሙዚቃ በጀታችንን ግማሽ በላው። ሳይቃጠል በቅጠል ሚባለው ለዚህ ነው፣ ሰው ገና ሀሳብ ሲያዋጣ በዛው ሳምንት አስፈርሙት፣ ክፈሉትም።

ስክሪፕት ማዳበሪያ ብር ላይ፣ ማለትም ስክሪፕቱን ለመጻፍና ለማሻሻል ሚወጣው ላይ፣ ብዙ አልቆይም። ጀማሪ ከሆናችሁ ቢኤፍአይ ኔትወርክ አለ፣ ለአጭር ፊልምና ለመጀመሪያ ስራ ይረዳል፣ ስኮትላንድ ስክሪን ስኮትላንድ፣ ዌልስ ፊልም ከምሪ፣ ሰሜን አየርላንድ ኖርዘርን አየርላንድ ስክሪን አሉ፣ ሎንዶን ደሞ ፊልም ሎንዶን። ከለንደን ውጪ ምትኖሩ ልጆች ይሄን እንደ ጉዳት አትዩት፣ ለኔ ጥቅም ነው፣ ክልላዊ ፈንዶቹ ጋር ሰው በስም ያውቃችኋል።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ታክስ ክሬዲቱ፣ ማለትም ፊልሙ ላይ ካወጣችሁት መንግስት ሚመልስላችሁ ብር። ይሄን ያልገባው ሰው እዚህ ሀገር ፕሮዲውሰር መሆን አይችልም፣ በግልጽ ነው ምናገረው። ለእያንዳንዱ ፊልም አዲስ ድርጅት ታቋቁማላችሁ፣ ያ ድርጅት ያን ፊልም ብቻ ነው ሚሰራው። ፊልሙ ሲኒማ ቤት እንዲታይ ታስቦ መሰራት አለበት። ከዛ ብሪቲሽ መሆኑን ማረጋገጥ አለባችሁ፣ ወይ ብሪታንያ ከሌላ ሀገር ጋር ባላት የኮፕሮዳክሽን (ፊልም በጋራ የመስራት) ስምምነት፣ ወይ በቢኤፍአይ የባህል ፈተና። ፈተናው ከ35 ነጥብ 18 ነው ማለፊያው። ታሪኩ የት ነው ሚካሄደው፣ ዋና ገጸባህሪያቱ የየት ናቸው፣ ቋንቋው ምንድነው፣ የት ተቀረጸ፣ እነማን ሰሩት እያለ ነው ነጥብ ሚሰጠው። ብርሚንግሃም ውስጥ በእንግሊዝኛ ሚካሄድ ታሪክ ካላችሁ አያስቸግርም፣ ግን ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት ጊዜያዊ ሰርተፊኬቱን አውጡ፣ አበዳሪ መጀመሪያ ሚጠይቀው እሱን ነው።

በ2007 የመጣውና ለረጅም ጊዜ የሰራው የድሮው ሲስተም ተቀይሯል። ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ያለው መደበኛው ክሬዲት ለፊልም 34 ፐርሰንት ነው። ለትንንሽ ፊልሞች ግን ከሱ የተሻለ መጣ፣ ዋና ቀረጻቸውን ከኤፕሪል 1 2024 ጀምሮ ለጀመሩ ኢንዲፔንደንት ፊልሞች 53 ፐርሰንት። ኮር ወጪያችሁ (ለዝግጅት፣ ለቀረጻና ለፖስት ፕሮዳክሽን ሚወጣው) ከ23.5 ሚሊየን ፓውንድ በታች መሆን አለበት፣ ክሬዲቱ ሚታሰበው ግን እስከ 15 ሚሊየኑ ድረስ ነው፣ ጸሐፊው ወይ ዳይሬክተሩ የዚህ ሀገር ሰው ይሁን፣ ካልሆነ ፊልሙ ኦፊሺያል ኮፕሮዳክሽን ይሁን። እኔ በዚህ ስራ ቆይታዬ ለኛ አይነት ፊልም እንደዚህ ሚጠቅም ነገር አላየሁም።

ግን 53 ፐርሰንት ሲባል የበጀታችሁን ግማሽ መንግስት ይሰጣችኋል ማለት አይደለም፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። እስቲ በቁጥር እንየው። በጀታችሁ 2 ሚሊየን ፓውንድ ነው እንበል። ከሱ ላይ ስክሪፕት ማዳበሪያውን፣ የብድር ወጪውን፣ ማስታወቂያውን አውጡት፣ እነሱ አይቆጠሩም፣ ሚቆጠረው ለቀረጻ ዝግጅት፣ ለቀረጻና ለፖስት ፕሮዳክሽን የወጣው ነው፣ ኮር ሚባለው። 1.7 ሚሊየን ቀረ እንበል፣ ሁሉም ብሪታንያ ውስጥ የወጣ። ከሱ ደሞ ሚታሰብላችሁ 80 ፐርሰንቱ ብቻ ነው፣ 1.36 ሚሊየን። የሱ 53 ፐርሰንት 720,800 ፓውንድ ይመጣል። ክሬዲቱ ራሱ ታክስ ይቆረጥበታል፣ 25 ፐርሰንት ሲነሳለት እጃችሁ ሚገባው 540,600 ነው። በመደበኛው ክሬዲት ቢሆን 346,800 ነበር ምታገኙት፣ ስለዚ ልዩነቱ ቀላል አይደለም፣ ግን ግማሽ ሳይሆን የበጀታችሁ ሩብ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ፋይናንስ ፕላናችሁ ላይ ይሄን ቁጥር አጋንናችሁ ከጻፋችሁ ቀዳዳው ሚታየው ልክ ኤዲቲንግ ክፍል ስትገቡ ነው።

ሌላው ደሞ ብሩ ሚመጣው በኋላ ነው። ድርጅታችሁ የሂሳብ አመቱን ዘግቶ፣ የታክስ ሪተርን አስገብቶ፣ ኤችኤምአርሲ (የታክስ መስሪያ ቤቱ) አይቶት ነው። እናንተ ግን ብሩን ምትፈልጉት ጄኔሬተር ስትከራዩ ነው። ስለዚ አበዳሪ ትሄዳላችሁ፣ ክሬዲቱን አስይዛችሁ ትበደራላችሁ፣ ወለዱንና የጠበቃውን ቆርጦ ነው ሚሰጣችሁ። ይሄን ወጪ በጀቱ ላይ ከመጀመሪያው ጻፉት።

ቀሪውስ? ቢኤፍአይ ከብሔራዊ ሎተሪ ገንዘብ ሚሰጠው አለ፣ ቢቢሲ ፊልም አለ፣ ከቻናል 4 ጋር ያለው ፊልም ፎር አለ። ሶስቱም ጋ ውድድሩ ከባድ ነው፣ እውነቱን ለመናገር እነዚህ ሶስት በሮች ባይኖሩ የብሪታንያ ኢንዲፔንደንት ፊልም ሚባል ነገር እምብዛም አይኖርም ነበር። ቴሌቪዥኖቹ ሲገቡ ብሩ ብዙ ጊዜ ሁለት ቦታ ነው ሚከፈለው፣ አንዱ ለቴሌቪዥን ማሳያ መብት ነው፣ እሱ ተመላሽ አይደለም፣ ሌላው ኢንቨስትመንት ነው፣ እሱ ከፊልሙ ገቢ ይመለሳል። የመጀመሪያው ከፍ እንዲል ታገሉ። የግል ባለሀብት ካገኛችሁ ኢአይኤስ ሚባለው የታክስ ማበረታቻ 30 ፐርሰንት ይመልስለታል እያሉ ሚያባብሉ ሰዎች ይመጣሉ፣ ከ2018 ወዲህ ግን ህጉ ጠብቋል፣ አንድ ፊልም ብቻ ለሚሰራ ድርጅት ማለፍ በጣም ከባድ ነው፣ ባለሙያ ሳታማክሩ ለማንም ቃል እንዳትገቡ። የአውሮፓ ህብረት ድሮ ሚዲያ በሚባለው የፊልም ድጋፍ ፕሮግራሙ በኩል ይረዳን ነበር፣ በ2020 መጨረሻ ከሱ ወጣን፣ በምትኩ በ2021 ከሌላ ሀገር ጋር ለሚሰራ ፊልም ሚረዳው ግሎባል ስክሪን ፈንድ መጣ። አየርላንድ ወይ ሌላ ሀገር ሁነኛ አጋር ካላችሁ ሞክሩት፣ ለብር ብላችሁ ብቻ ታሪኩን ወደማይሄድበት ሀገር ግን አትጎትቱት፣ ተመልካች ይነቃል።

የመንግስት ፖሊሲ ላይ አንድ ነገር ልበል። በ1950 የተጀመረው ከሲኒማ ትኬት እየተቆረጠ ለፊልም ሰሪ ሚሰጠው ኢዲ ሌቪ በ1985 ቀረ። በ2000 የተቋቋመው የፊልም ካውንስል በ2010 ይዘጋል ተባለ፣ በ2011 ተዘጋ፣ ስራው ወደ ቢኤፍአይ ሄደ። በዛ ሰሞን ማመልከቻ ሰጥተው ሲጠብቁ የነበሩ ሰዎች ፊታቸው አሁንም ትዝ ይለኛል። ስለዚ ሊመጣ ነው በተባለ ነገር በጀት አትገንቡ፣ ህግ የሆነና ፊርማ ያለበትን ብቻ ቁጠሩ።

አሁን ማንም ማያስረዳውን ላስረዳችሁ፣ ብሩ ተመልሶ ሚመጣበትን መንገድ። አንድ ሰው ሲኒማ ቤት ገብቶ 10 ፓውንድ ከፈለ። ቫት ይነሳል፣ 8.33 ይቀራል። ሲኒማ ቤቱ ከግማሽ በላዩን ይወስዳል፣ 3 ፓውንድ ለዲስትሪቢውተሩ (ፊልሙን ለሲኒማ ቤቶች ሚያከፋፍለው) ደረሰ እንበል። ዲስትሪቢውተሩ ኮሚሽኑን፣ ለምሳሌ 30 ፐርሰንት፣ ሲያነሳ 2.10 ቀረ። ከዛ ለፖስተርና ለማስታወቂያ ያወጣውን እስኪያስመልስ ድረስ ያቺ 2.10 ራሷ እሱ ጋ ነው ምትቀረው። ከሱ ያለፈች ካለች ሴልስ ኤጀንቱ ኮሚሽንና ፊልሙን ለመሸጥ ካን ፌስቲቫል የሄደበትን ወጪ ይላል፣ ቀጥሎ አበዳሪው፣ ቀጥሎ ኢንቨስተሮቹ በየተራቸው፣ ከሁሉም መጨረሻ ላይ ፕሮዲውሰሩ። እዛ መጨረሻው ላይ ከቆማችሁ ፊልማችሁ ተወዳጅ ቢሆንም ምንም አይደርሳችሁም። ስለዚ ውሉ ሲረቀቅ ሶስት ነገር ጠይቁ። የሴልስ ኤጀንቱ ወጪ ጣሪያ ይኑረው። ገንዘቡ በሙሉ ገለልተኛ የሆነ ኮሌክሽን አካውንት ውስጥ ይግባ፣ ማንም በኪሱ አይቀበል። ደሞ ታክስ ክሬዲቱ የናንተ ኢንቨስትመንት ተደርጎ ይቆጠር፣ ምክንያቱም ያን ብር ያመጣው የናንተ ድርጅት ነው፣ ስለዚ ከሌሎቹ ጋር ጎን ለጎን ከመጀመሪያዋ ፓውንድ ድርሻ ይኑራችሁ። ሶስተኛውን ስትጠይቁ ይሳቅባችሁ ይሆናል፣ ጠይቁ፣ እኔ ሁለት ጊዜ እምቢ ተብዬ በሶስተኛው አግኝቼዋለሁ።

ክፍያችሁን ደሞ አትልቀቁ። አንድ ኖቬምበር ከንት ባህር ዳር ስንቀርጽ ሶስተኛው ሳምንት ላይ ዝናቡ አላቆም አለ። ክሩው (የቀረጻው ሰራተኛ) ምሳ ሚበላበት ባለ ሁለት ፎቅ አውቶብስ አለ፣ ላይኛው ፎቅ ላይ ተቀምጬ ነበር፣ መስኮቱ በትንፋሽ ደፍኖ ውጪው አይታይም፣ ጣራው በዝናብ ይደበደባል፣ ወጪ ተቆጣጣሪዋ ላፕቶፗን ወደኔ አዙራ ቀዩን መስመር በጣቷ አሳየችኝ፣ 38,000 ፓውንድ አልፈናል። ወዲያው ስልክ ተደወለልኝ፣ ከገንዘብ ሰጪዎቹ አንዱ ነው፣ የፕሮዲውሰር ክፍያህን ለጊዜው አዘግየው፣ ፊልሙ ብር ሲያመጣ ትወስዳለህ አለኝ። እሺ አልኩ። ሰው ሁሉ እሺ ይላል፣ ምክንያቱም ታች ፎቅ ሰባ ሰው እርጥብ ጃኬቱን ወንበር ላይ ሰቅሎ እየበላ ነው፣ ልታስቆሙት አትችሉም። ያ ብር እስከዛሬ አልመጣም። አሁን ምን አደርጋለሁ፣ በጀቱ ላይ 10 ፐርሰንት መጠባበቂያ ሳልይዝ ቀረጻ አልጀምርም፣ ክፍያዬ ደሞ በየሳምንቱ እንደ ክሩው ይከፈላል፣ ግማሹ ከቀረጻው በፊት አልቆ። ጠበቃችሁ ይሄ አይለመድም ካለ ሌላ ጠበቃ ፈልጉ።

ቀረጻው ላይ አጠር ላድርገው። ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ስራ ሲበዛባቸው ጥሩ ሰው አታገኙም፣ በዋጋ ልትወዳደሩ አትችሉም፣ ምትችሉት ረዳት የነበረውን ጎበዝ ልጅ ዋና አድርጎ መቅጠር ነው፣ የኔ ምርጥ የካሜራና የአርት ሰዎች እንደዛ ነው የመጡት። በነጻ አታሰሩ። ልምድ ታገኛላችሁ እያሉ ልጆችን በትራንስፖርት ብር ማሰራት እዚህ ሀገር ህጉም አይፈቅደውም፣ ሰራተኛ የሆነ ሰው ዝቅተኛው ደሞዝ ይገባዋል፣ ከህጉ በላይ ደሞ ነውር ነው፣ የወላጅ ብር ያለው ልጅ ብቻ ሚቀርበት ኢንዱስትሪ የፈጠርነው በዚሁ ነው። ቀኑ 10 ሰአት ስራ ሲደመር 1 ሰአት ምሳ ይሁን። ህጻን ተዋናይ ካለ ከሚኖርበት ካውንስል (የአካባቢው አስተዳደር) ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ጊዜ ይወስዳል። መንገድ ላይ ለመቅረጽም ካውንስሉን አናግሩ፣ ኢንሹራንሳችሁን ያያሉ። ውጪ ሚቀረጽ ብዙ ነገር ካላችሁ ደሞ ዲሴምበርን እርሱት፣ ለንደን ላይ ብርሃን 8 ሰአት እንኳን አይሞላም፣ ጁን ላይ ከ16 ሰአት በላይ ነው። ለእያንዳንዱ የውጪ ቀን ዝናብ ቢመጣ ምትቀርጹት የቤት ውስጥ ሲን በፕላን ይኑራችሁ፣ ከንት ላይ እኛን የጎዳን እሱ ነው።

ፊልሙ ካለቀ በኋላ ለሲኒማ ቤት የቢቢኤፍሲ (ፊልም ለየትኛው እድሜ እንደሚሆን ሚወስነው ተቋም) የእድሜ ደረጃ ያስፈልጋል፣ ሚከፈለው በፊልሙ ርዝመት ነው። 15 (ከ15 አመት በታች አይገባም) እና 12ኤ (ከ12 አመት በታች ያለ ልጅ ከአዋቂ ጋር ይገባል) መሀል ያለው ልዩነት ለገቢያችሁ ትልቅ ነገር ነው፣ አንድ ሁለት ስድብ ሊሆን ይችላል ሚለያየው፣ ስለዚ ስክሪፕት ላይ እያለ ወስኑ። ትልልቆቹ የሲኒማ ቤት ድርጅቶች ኦዴኦን፣ ቩ፣ ሲኒወርልድ ትንሽ ፊልም ከወሰዱ ሚመዝኑት በመጀመሪያው ቅዳሜና እሁድ ነው፣ ካልሞላ ሰኞ ተነስቷል። እኔ 12 አዳራሽ ላይ ስድስት ሳምንት ሚቆይ ፊልም 150 አዳራሽ ላይ አንድ ሳምንት ከሚቆይ ይሻለኛል፣ ከርዘንና የየከተማው የግል ሲኒማ ቤቶች ሰአት ይሰጧችኋል፣ ዳይሬክተሯ ሄዳ ከተመልካች ጋር ታወራለች፣ ወሬው ይዛመታል።

የመጨረሻው ነገር፣ ለዲስትሪቢውተር መብት ስትሰጡ ለአመታት ነው ምትሰጡት፣ ለዘላለም አትስጡ። ሚያልቅበትን ቀን ካላንደራችሁ ላይ ጻፉት። ማስተሩን፣ ንግግሩ የተለየበትን የሙዚቃና የድምጽ ትራክ፣ የቀረጻ ፎቶዎቹን፣ የሙዚቃ ውሎቹን ሁለት ቦታ አስቀምጡ፣ አንዱ ከቤታችሁ ውጪ ይሁን፣ በየአመቱም ሃርድ ድራይቩን እየሰካችሁ መከፈቱን እዩ። የኔ የመጀመሪያ ፊልም መብቱ ባለፈው አመት ተመለሰልኝ። ኢሜሉ ሁለት መስመር ነበር። ከሶስት ወር በኋላ አንድ ስትሪሚንግ ጠየቀኝ፣ ፋይሎቹን በአንድ ቀን ላክሁ፣ ብሩም በኮሌክሽን አካውንቱ በኩል ገባ፣ ዳይሬክተሯም፣ ያኔ ሶስተኛው ድራፍት ላይ ስሙ የነበረው ልጅም ድርሻቸው ደረሳቸው።